አገራችን ለምን «መዝጊያ የለሽ» ተባለ

ይህን የምጽፍላችሁ በዓረብ ኤምሬትስ፣ አጅማን ውስጥ በምሠራበት ቤት፣ ማዳም ልጆቿን ይዛ ስትወጣ ባገኘኋት አጭር ፋታ ነው። ጣቶቼ ከሳሙና ብዛት ስለተሰነጣጠቁ ስልክ ላይ ስጽፍ ያመኛል። ቢሆንም ሳልነግራችሁ ብቀር የባሰ ይከብደኛልና ታገሡኝ።

መዲና እባላለሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። የተወለድኩበት አገር ከደሴ በታች፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከመጀመሩ በፊት ባለው ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ገጠር ነው። በወረቀት ላይ ሌላ ስም አለው። ሰው የሚጠራው ግን «መዝጊያ የለሽ» እያለ ነው። አንድ መንደር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከገበያው ከተማ ጀምሮ እስከ ቁልቁለቱ ጫፍ ድረስ ያለው አገር በሙሉ በዚህ ስም ይታወቃል። በገበያ ቀን ስንመጣ «እነ መዝጊያ የለሽ ደረሱ!» ይሉናል። ትምህርት ቤት በሩን ሳይዘጋ የገባ ተማሪ «የመዝጊያ የለሽ ልጅ ነህ እንዴ?» ይባላል፤ ክፍሉ ይስቃል።

ስለ ስሙ አመጣጥ የሚወራው ደግሞ ከስሙ የባሰ ነው። «በክፉ ቀን አያቶቻቸው የቤታቸውን መዝጊያ ነቅለው በጫት ለወጡት» ይባላል። አባቴን ስንጠይቀው «መዝጊያ የሌለው የሰው አፍ ነው፤ ተዉት» ይለናል። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምርም። ሌሎቹም ሽማግሌዎች እንደዚያው ናቸው፤ ወሬው ሲነሳ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኛ ልጆቹ ታዲያ ምን እንበል? እውነት ቢሆን ነው እንጂ ለምን ዝም ይላሉ ብለን አመንን።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በደረሰበት ጊዜ የነበርኩትን ሴት በአንድ ቃል ግለጪ ብትሉኝ «የደከመች» ነው የምላችሁ። የምኖረው ሻርጃ ነበር፤ አንድ ያረጀ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብዙ ሴቶች በየአልጋቸው መጋረጃ ጋርደው በሚያድሩበት ቤት ቤድ ስፔስ፣ የአንድ አልጋ ቦታ፣ ተከራይቼ። ሹግሌ፣ ሥራዬ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ዱባይ ነው፤ ፓርት ታይም የሰው ቤት አጸዳለሁ። ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፤ ከሻርጃ ዱባይ ያለው መንገድ እንደምታውቁት ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አንቀላፋለሁ። ከአባቴ ጋር ስንደዋወል «ደህና ናችሁ?» «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ከተባባልን በኋላ የሚቀረን ወሬ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ብቻ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ካነሳሁበት ጊዜ የበለጠ እደክም ነበር።

ከእኔ አልጋ በላይ የምትተኛው ሰዓዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች። እኔ መጋረጃዬን ሳልስብ እንቅልፍ ከወሰደኝ «ይቺ መዝጊያ የለሽ!» እያለች በትራሷ ትመታኛለች። በክፋት አልነበረም፤ እኔም እስቃለሁ። ሲደጋገም ግን ሰለቸኝ። ሌላ ሰው አገሬን ሲጠይቀኝ «ደሴ» ብዬ ማለፍ ለመድኩ።

ያ ትልቁ ዝናብ የመጣ ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰማዩ በቀን ጨለመ፤ ጨለማው ደግሞ አረንጓዴ ነገር ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን መስኮት ከፍተን እጃችንን አወጣን። አገር ቤት የቀረ ዝናብ የመጣልን መሰለን። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ ማታ ላይ የመኪኖቹ ጣሪያ ብቻ ይታይ ነበር። መብራት ጠፋ፤ ሊፍቱ ቆመ፤ ውሃ የሚስበው ሞተር ስለቆመ ቧንቧውም ደረቀ። ውጭው ሁሉ ውሃ፣ ቤታችን ውስጥ ግን የምንጠጣው የለም።

ሰዓዳ ሆዷን ያማት የጀመረው በዚያው ማታ ነው። «የትናንቱ ሩዝ ነው፤ ይተወኛል» አለች። አልተዋትም። ጠዋት ላይ ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ አገኘኋት። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል። የቀኝ ሆዷን በጣቴ ገና ስነካት ጮኸች።

የአደጋ ጊዜ ስልክ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ልጅ ትሕትና ነበራት፤ ነገር ግን የእኛ ሰፈር ውሃ ስለሞላው መኪና ሊገባ እንደማይችል ነገረችኝ። «ወደ ድልድዩ ልታደርሷት ትችላላችሁ? አምቡላንሱ እዚያ ድረስ ይመጣል» አለችኝ። ድልድዩ ከመስኮታችን ይታያል። በደህና ቀን እየተጫወትን የምንሄድበት ነው። ያን ቀን ግን ሌላ አገር መሰለኝ።

የሕንፃው ዘበኛ ኻን የሚባል ፓኪስታናዊ ነው። አንደኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሆኜ ስጣራ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየተራመደ መጣ። ሰዎች በጎማ ጀልባ ዳቦ እያደሉ በትልቁ መንገድ እንደሚያልፉ ነገረኝ። «እጠራቸዋለሁ። እናንተ አውርዷት» አለኝ።

ግን ማን ነው የሚያወርዳት? አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚኖሩት ወንዶች መካከል አንድ ያገሬ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር፤ ጋሽ ይማም ይባላሉ። ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ካሉት መጋዘኖች ዕቃ እየጫኑ ወደ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የሚያመላልሱ የፒክአፕ ሹፌር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው ሽበት የጀመረው፣ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የሌላቸው ሰው ናቸው። በራቸውን አንኳኳሁ። ነገሩን ሳልጨርስላቸው ጫማቸውን አጠለቁ፤ አብረዋቸው የሚኖሩ ሁለት ባንግላዴሻውያንም ተከተሉን።

ጋሽ ይማም ሰዓዳን በጀርባቸው ሊያዝሏት ሞከሩ። ጩኸቷ ሕንፃውን አናወጠው። «ያረቢ! ተውኝ! ተውኝ!» እያለች ትከሻቸውን ቧጠጠችው። በብርድ ልብስ እንሸከማት አልን፤ አራታችን ጫፍ ጫፉን ይዘን ብናነሳው መሃሉ ጎበጠና ሆዷ ተጨመቀ። እንደገና ጮኸች። መልሰን አስተኛናት።

 የጋሽ ይማም ዓይን ክፍሉን ዞረ፤ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን አልፎ በሩ ላይ ቆመ። በሩ ላይ ብዙ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ ወርደው መፍቻ ይዘው ተመለሱ።

ቤቱን ተከራይታ እኛን በአልጋ ያስገባችን ሐዋ የምትባል ሴት ናት፤ እሷም እንደኛው ደክሟት የምትኖር። ከመጋረጃዋ ብቅ ብላ «ምን ልትሠራ ነው?» አለቻቸው።

«መዝጊያውን ልነቅለው።»

«የሰው ቤት እኮ ነው! ባለ ሕንፃው ሲመጣ ምን እላለሁ?»

«ሰው ሞተብን ከማለት መዝጊያ ነቀልን ማለት ይቀላል፤ እህቴ» አሉና ማጠፊያውን መፍታት ጀመሩ።  ሐዋ የራሷን ፍራሽ መሸፈኛ ገፍፋ አወጣችና በመዝጊያው ላይ አነጠፈችው።

ሰዓዳን በጎኗ አስተኛናት፤ እግሯን እንዳጠፈች በሻርፕ አሰርናት። ወንዶቹ ሦስት፣ እኔ በእግሯ በኩል አራተኛ ሆነን አነሳናት። ስድስት ፎቅ መውረድ ቀላል ይመስላችኋል። ደረጃው ጠባብ፣ ጨለማ ነው፤ በየመታጠፊያው መዝጊያውን ከፍ አድርገን በመደገፊያው ላይ ማሳለፍ ነበረብን።  አንድ ጊዜ መዝጊያው ከእጄ ሊያመልጠኝ ሲል ጋሽ ይማም ሳይዞሩ «አብሽሪ ልጄ፣ አንድ ፎቅ ነው የቀረን» አሉኝ። ውሸታቸውን ነበር፤ ገና ብዙ ነበረን። ደግሜ ያዝኩ።

አንደኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ውሃ ውስጥ ነበር። ጥቁር፣ የናፍጣና የቆሻሻ ሽታ ያለው ውሃ። መዝጊያውን አሳረፍነው። ባንግላዴሻውያኑ ኻንን ሊያግዙ ወደ ውሃው ገቡ፤ እኛ ከሰዓዳ ጋር ቀረን። ዓይኗ ክድን ክድን ማለት ጀመረ።

«አውሪያት፤ እንዳትሄድብን» አሉኝ ጋሽ ይማም።

ስለ ኮምቦልቻ፣ ስለ እናቷ፣ ስላዘዘችው ቀሚስ ለፈለፍኩ። ወሬዬ አለቀ። ማልቀስ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ይማም ማውራት እንዳቃተኝ አይተው ነው መሰለኝ እሳቸው ጀመሩ። ከጭንቅላቷ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ለሷ እንደሚነግሩ ሆነው።

«ሰዓዳ፣ ስሚኝማ። እኔም በመዝጊያ ላይ ተኝቼ ሰው ተሸክሞኛል።»

ሰዓዳ ዓይኗን ገለጠች።

«ልጅ ነበርኩ። በዚያ በክፉ ቀን፤ ምድሩ በደረቀ ጊዜ። አባቴ እህል ፍለጋ ወጥቶ ቀረ። እናቴና እኔ ከቆላ ተነስተን፣ እርዳታ አለበት ወደተባለው መጠለያ ስንጓዝ ዳገቱ ላይ አቃተን። እኛ ብቻ አይደለንም፤ መንገዱ ዳርና ዳር የወደቀ ሰው ነበር። ከዳገቱ በላይ ያሉት ባላገሮች ወጥተው አዩን። ሊያዝሉን ሞከሩ፤ አጥንታችን ወጥቶ ስለነበር ሲያዝሉን እንጮኻለን። ቃሬዛ እንዳይሠሩ እንጨት የለም፤ ዛፉ ሁሉ ደርቆ አልቋል። አንዱ ሰውዬ ሮጦ ሄደና የቤቱን መዝጊያ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ሌሎቹ እሱን አይተው ሄዱ። የዚያ አገር ሰው በሙሉ ነው መዝጊያውን የነቀለው፤ የዚህ ሸንተረርም፣ የዚያ ማዶም። እኔንና እናቴን በአንድ መዝጊያ ላይ እግርና ራስ አድርገው አስተኙን።»

«ወዴት ወሰዷችሁ?» አልኳቸው።

«ወደ አስፋልቱ። የእርዳታ መኪና ወደሚያልፍበት። ሩቅ ነው፤ እነሱም እኮ የራባቸው ናቸው። የተሸከሙንን ሰዎች እግር ነበር የማየው፤ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«አገሩ የት ነው?»

«አላወቅሁትም። ሕፃን ምን ያውቃል? ካደግሁ በኋላ ስጠይቅ፣ ቤቱ ሁሉ መዝጊያ አልነበረውም የሚባል አንድ አገር እንዳለ ሰማሁ። ስሙንም ከዚያ ወዲህ ነው ያወጡለት አሉኝ። መዝጊያ የለሽ ይሉታል። ገበያው ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ፤ መዝጊያቸውን በጫት ነው የለወጡት አሉኝ። ከዚያ አገር የመጡ ሽማግሌ አገኘሁና ጠየቅኋቸው። ‹አናውቅም ልጄ› ብለውኝ አህያቸውን ነድተው ሄዱ።»

እኔ ደርቄ ቀረሁ።  የተናገረችው ሰዓዳ ናት። ከንፈሯ ደርቆ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፦

«መዲ… ያንቺ… አገር አይደል?»

ጋሽ ይማም ቀና ብለው አዩኝ። «የማን አገር?»

መልስ ሳልሰጣቸው ከታች ጩኸት መጣ፤ «ያላ! ያላ! ጀልባ!» ኻን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሆኖ እጁን ያወናጭፋል። ከኋላው በጎማ ጀልባ ላይ ሁለት ወጣቶች አሉ። የምናስበው ሰዓዳን ብቻ ሆነ። መዝጊያውን በጀልባው ጠርዝና ጠርዝ ላይ አጋደምነው፤ ወንዶቹ በግራ በቀኝ ይዘው እየገፉ፣ እኔ ጭንቅላቷን ደግፌ በውሃው መሃል ሄድን። ከውሃው በታች ያለውን አላይም። እግሬ ብረት ይሁን ድንጋይ የማላውቀውን ይመታል። የሱቅ ወንበር ተንሳፍፎ አለፈን። ከየመስኮቱ ሰው ይመለከታል፤ አንዲት ሴትዮ በማላውቀው ቋንቋ ጮክ ብላ ስትጸልይልን ሰማሁ። ጋሽ ይማም ከጎኔ ነበሩ፤ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላዩም። ጥርሳቸውን ነክሰው መዝጊያውን ብቻ ያዩ ነበር።

ድልድዩ ጋ አምቡላንሱ ቆሞ ጠበቀን። ሰዓዳን በራሳቸው ቃሬዛ አነሷት። አንድ ሰው ብቻ አብሮ መግባት ይችላል ተባለ፤ እኔ ገባሁ። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ይማም ባዶው መዝጊያ አጠገብ ቆመው፣ ከልብሳቸው ውሃ እየተንጠባጠበ አየኋቸው።

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ በአረብኛ ያስረዳኝን ሁሉ አልያዝኩትም፤ «ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ…» ያለውን ግን ሰማሁት። ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። እኔ ኮሪደሩ ላይ እርጥብ ልብሴን እንደለበስኩ፣ አየር ማቀዝቀዣው ጥርሴን እያንገጫገጨው ተቀመጥኩ። ከድካሜ የተነሳ ዱዓ ስጀምር መሃሉ ላይ ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከቢስሚላህ እጀምራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይማም መጡ። እንዴት እንደደረሱ አላውቅም። አንድ እግር ጫማቸው ውሃው ወስዶታል።

«እንዴት ናት?»

«ገና ነው፤ አልወጣችም።»

ከጎኔ ተቀመጡ።  ከዚያ «የማን አገር ነው ያለችው ልጅቷ?» አሉኝ።

«የኔ። እዚያ ነው የተወለድኩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መገረም አላየሁባቸውም፤ ረጅም መንገድ ሄዶ እንደደረሰና መቀመጫ እንደሚፈልግ ሰው ነበሩ።

«እናትዎስ?» አልኳቸው። «አስፋልቱ ደረሱ?»

«አልደረሰችም። መንገድ ላይ እግሯ ቀዘቀዘብኝ። እግሯ ከፊቴ ነበር። ‹እማዬ በርዷታል› ስል ሰዎቹ መዝጊያውን አወረዱት። አንድ ሾላ ነበር፤ ከሾላው በታች ቆፈሩ። በሬሳው ላይ አፈር እንዳይወድቅ እንጨት ይረበረብ የለ? እንጨት የለም አልኩሽ እኮ። መዝጊያውን እላይዋ አጋደሙት። እኔን አንዱ እሽኮኮ አድርጎ መኪናው ጋ አደረሰኝ። በኋላ ኮምቦልቻ የአባቴ እህት አሳደገችኝ።» እጃቸውን አዩ። «እዚህ አገር ብዙ ዘመን ሠራሁ። ልጆች አስተማርሁ። ደክሞኛል። ቪዛዬ ሲያልቅ ኸላስ፣ በቃ፣ አገሬ እገባለሁ ብያለሁ። ሰው ሲገባ ግን እናቱ ጋ ነው የሚሄደው። እኔ የት ልሂድ?»

ስልኬን ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ሰክቼው ነበር። ለአባቴ ደወልኩ። ጋሽ ይማምም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«አባባ፣ መዝጊያ የለሽ ለምን ተባልን?»

«ይሄን ልትጠይቂኝ ነው ከዱባይ የደወልሽው? ጎርፍ መጣ ሲባል ልባችን ወልቆ…»

«እኔ ደህና ነኝ። በአላህ ይዤሃለሁ ንገረኝ። በጫት ነው የለወጥነው?»

«መዝጊያ የሌለው የሰው አፍ ነው፤ ተይው» አለኝ።

«አባባ፣ አጠገቤ አንድ ሰው አሉ። በዚያ በክፉ ቀን ሕፃን ሆነው በመዝጊያ የተሸከማችኋቸው። እናታቸው ከሾላው በታች ነው የተቀበረችው።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «ሃሎ? አባባ?» ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ፣ አባቴን በዕድሜዬ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፦

«ልጁ ተርፏል?»

ጋሽ ይማም ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «አሰላሙ አለይኩም። ተርፌያለሁ» አሉ።

አባቴ አለቀሰ። እኔ አባቴ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲረጋጋ የነገረን ይኼ ነው። ያኔ እሱ ጎረምሳ ነበር፤ አያቴ መዝጊያውን ሲነቅል አግዞታል። ወራቱን ሙሉ ጅብ እንዳይገባ አባትና ልጅ በየተራ ደጃፉ ላይ ዱላ ይዘው ተቀምጠዋል። የቀሩት ጥቂት ፍየሎች በጅብ አልቀዋል። ከመዝጊያዎቹ የሚበዙት ከሰው ጋር ተቀበሩ፤ የተመለሱትንም አፍርሰው ለሌላ ቀብር አደረጓቸው። ብዙ ዓመት ቤቱ ሁሉ በቁርበት ተጋርዶ ኖረ። የገበያው ሰው ይህን አይቶ ስም አወጣ፤ ስም ያወጣ ሰው ምክንያት አያጣም፤ ጫቱን ጨመረበት።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» አልኩት።

«ሼሁ ‹የሰደቃችሁን ምንዳ በወሬ እንዳትበሉት፤ አታውሩ› ብለው አስምለውናል። እሱ አንድ ነው። ደግሞ ምኑ ይወራል፣ ልጄ? ከተሸከምናቸው የሚበዙት እጃችን ላይ ሞቱ። መኪናው የወሰዳቸውንም ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም። ከመጠለያው የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሞት ነበር። አንድም ሰው አላዳንንም ብለን ነው የኖርነው። ሰው ያላዳነ ሰው ምን ብሎ ይኩራራ? ጫት ነው ሲሉን፣ በሉ ይበሉ አልን።»

ጋሽ ይማም «እናቴ የትኛዋ እንደሆነች ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ቢዋሽላቸው ኖሮ አልፈርድበትም ነበር። «አላውቅም። ከሾላው በታች የቀበርናቸው፣ ልጅ ያላቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ። አላውቅም፣ ወንድሜ» አለ። «ቤቱ ግን ቤትህ ነው። ና።»

በዚያ መሃል ነርሷ ወጥታ የሰዓዳን ስም ጠራች። በሕይወት አለች። ነፍስ መዝራቷን የሚያሳይ የመጀመሪያ ቃሏ «ውሃ» ነበር፤ ሁለተኛው «ጋሽ ይማም ጫማቸው የት ሄደ?» ነው። አሁን አገር ቤት ገብታለች፤ አንዳንዴ ትደውላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ስም ቀልዳ አታውቅም። እኔም አልከለከልኳትም፤ ራሷ ተወችው።

እዚህ ላይ «ከዚያ ወዲህ ሕይወቴ ተቀየረ» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ድካሜ አልተቀየረም። ከሻርጃ ወጥቼ እዚህ አጅማን ቤት ገባሁ እንጂ ያው ማጠብ፣ ያው መጥረግ ነው። የተቀየረው ሌላ ነው። ከአባቴ ጋር ስንደዋወል ከዘይት ዋጋ በኋላ ስልኩ አይዘጋም። ያኔ ማን ማንን እንደተሸከመ፣ ማን ሲሸከም እንደወደቀ ይነግረኛል፤ አንዳንዴ እያወራ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል እጠብቀዋለሁ። የራሴ ጉልበት ባለቀበት ቀን ደግሞ የእነዚያን የተራቡ ተሸካሚዎች እግር አስባለሁ። እነሱም ያደረጉት ነገር ከንቱ የቀረ መስሏቸው ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት። እናንተም ዝም የሚሉ ሽማግሌዎች ካሏችሁ፣ ዝምታቸውን በቶሎ ለሐፍረት አትስጡት። አብራችሁ ተቀመጡ። ጠይቁ። እኛ ዘግይተን ነው የጠየቅነው፤ አያቴ አንድ ሰው እንደተረፈ ሳይሰማ ሞቷል።

ጋሽ ይማም ቪዛቸው ሲያልቅ ገቡ። እዚያ የደረሱ ቀን፣ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች አባቴ ቤት ተሰብስበው እንደጠበቋቸውና እግራቸውን እየዳሰሱ፣ «እውነትም ቆሞ ሄደ፤ በእግሩ ሄዶ መጣ» እያሉ እንዳለቀሱ አባቴ ነግሮኛል። በማግስቱ ጋሽ ይማም ራሳቸው የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ነፋስ ይሰማል፤ እንዲህ ይላሉ፦

«መዲና፣ ልጄ፣ መቃብሩ ጋ ነኝ። አባትሽ አሳይተውኝ ሄዱ። ሾላው ደርቋል፤ ግንዱ ግን አለ። ድንጋይ ደርድረውበታል፤ ከብት እንዳይረግጠው ቁልቋል አጥረውበታል። እናቴን የሚለይልኝ ሰው የለም። ምን ላድርግ? ከዳር ጀመርኩ። በየድንጋዩ ፊት እየተቀመጥኩ፣ ‹አሰላሙ አለይኪ እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ፤ ተርፌያለሁ› አልኩ። ለሁሉም እንደዚያው። አንዷ እናቴ ናት። የቀሩትም ልጆቻቸው አልመጡላቸውም እኮ፤ እነሱንም ሰው ‹እማዬ› ይበላቸው።»